ከባቲ እሾህ እስከ ደንቆሮ ጫካ፦ የወሎ የጉዞ ማስታወሻ

ጥቅምት 11 ቀን 2011፣ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ

የጉዟችን መጨረሻ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ቀጥታውን መንገድ ግን አልያዝንም። መጀመሪያ ባቲ፣ ከዚያ ቆቦ፣ በመጨረሻ ወደ ደጋው እንውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። የተማርኩት ዕፅዋት ነው። ወሎ ውስጥ የተስፋፉትን መጤ አረሞች ከቆላ ጀምሬ በአንድ ጉዞ ማየት ፈልጌ ነበር።

መኪናችን ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ናት። ባለቤቱ ጓደኛችን ራሱ ይነዳታል። ከመንገድ ወጥቶ በአሸዋና በሜዳ መንዳት ነፍሱ ነው፤ ለዚሁ ብሎ ጎማዋን በትልልቅ ጥርስ ቀይሯል። ሌላው ጓደኛችን አባቱን ይዞ መጣ። ጋሼ ወሎ ቦረና ተወልደው፣ እዚያው ከብት ጠብቀው ያደጉ ሰው ናቸው። አገራቸውን ካዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

ጣርማበር ላይ ጉሙ ፊት አያሳይም ነበር። ደብረ ሲና እንደ ወጉ ቆሎ ገዛን፣ አንዱ ላስቲክ በ20 ብር። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራባችንን አወለቅን። ከዚያ እስከ ከሚሴ የሚወራ ነገር የለም።

ጨፋ ሜዳ ግን ይወራል። በቦርከና ወንዝ የሚጠጣ ሰፊ ረግረግና ሣር ነው። በበጋ የአፋር አርብቶ አደሮች ሳይቀሩ ከብቶቻቸውን ይዘው እዚህ ድረስ ይመጣሉ። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ነጭ አበባ ቆሟል። ላላወቀው ያምራል። ቅንጬ የሚባለው መጤ አረም ነው።

መኪናዋን አስቁሜ ወረድኩ። አስፋልቱን ለቆ ወደ ሣሩ የገባ የመኪና ዱካ አለ። ማን እንደነዳው አይታወቅም፤ ምናልባት የመንገድ ሥራ መኪና፣ ምናልባት ሣር የጫነ አይሱዙ። አረሙ ዱካውን ተከትሎ ገብቷል። በሁለቱ የጎማ መስመር ላይ ጉልበት ድረስ አድጓል። በመሀላቸውና ከዳር ያለው ገና ንጹሕ ሣር ነው። ጓደኛችንን ጠርቼ አሳየሁት። ዝም ብሎ ብዙ አየው።

ኮምቦልቻ አንድ ክፍል በ350 ብር አደርን። ሙቅ ውኃ አለ ተብሎ አልነበረም። ኮምቦልቻ ሙቀቷ ደግ ስለሆነ ግን አልከፋንም።

ጥቅምት 12፣ ባቲ

ሰኞ ነው፤ የባቲ ገበያ ቀን። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። በየተረተሩ ላይ የወፍ ቆሎ አየሁ፣ ያ ሮዝና ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ። ብዙ ሰው ለአጥር ይተክለዋል። ፍሬውን ወፎች ይበሉና ዘሩን እንደፈለጉ ይበትኑታል። ከብት ቅጠሉን ሲበላ ይመረዛል።

ገበያው የአፋሩ፣ የኦሮሞው፣ የአማራው፣ የአርጎባው ነው። ግመሉ በአንድ በኩል፣ ፍየሉ በሌላ፣ ቅመሙና ጨርቁ መሀል ላይ። አንድ ደህና ግመል 25 ሺህ ብር ሲጠራ ሰማን። የፍየል ጥብስ በማሽላ እንጀራ በላን፣ ለአንድ ሰው 90 ብር። እንዲህ ያለ ጥብስ አዲስ አበባ በእጥፍ ዋጋም አይገኝም።

ከምሳ በኋላ በሚሌ መንገድ ትንሽ ወረድን። ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃም መጤ ዛፍ በዓይኔ ለማየት ነበር። ጓደኛችን ደረቅ የወንዝ አሸዋ ሲያይ አላስቻለውም፤ መሪውን ጠምዝዞ ገባ። ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ፉጨት ሰማን። የኋላ ግራው ጎማ ተንፍሶ ቁጭ አለ። በዚያ ፀሐይ፣ ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እየሰመጠ፣ ድንጋይ ከሥሩ እየደረደርን ስኮርታውን እስክንቀይር ላብ አጠመቀን። ጋሼ በፕሮሶፒሱ ጥላ ተቀምጠው፣ ለጥላ እንኳ ጥሩ ነው አሉ።

እውነታቸውን ነው። ዛፉ ወደ አፋር የመጣው በ1970ዎቹ ግድም ለጥላ፣ ለንፋስ መከላከያና በረሃውን ለማልማት ታስቦ ነው። ከዚያ ማን ይያዘው? ፍሬው ጣፋጭ ነው። ግመልና ፍየል ይበሉታል፣ ዘሩ ሳይፈጭ በፋንድያቸው ይወጣል፣ በሄዱበት ሁሉ ይበቅላል። አፋር ውስጥ የያዘው መሬት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሆኗል። በበቀለበት ቦታ ሣር አያበቅልም። ዛሬ የወሎን ቆላ ጠርዝ በደረቁ ወንዞች በኩል እየወጣ ነው። ገበያ ላይ ያነጋገርነው የአፋር ሽማግሌ፣ ድሮ ላም ነበረን፣ አሁን ፍየልና ግመል ብቻ ቀረን፣ ሣሩን ዛፉ በላው አሉን።

ባቲ ተመልሰን ጎሚስታ ቤት ገባን። ልጁ እሾሁን በፒንሳ ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። የጣት አንጓ ያህላል፣ ጫፉ ደግሞ መርፌ ነው። 60 ብር ከፈልን። በቀን ስንት ይመጣል ብለው ጠየቁት ጋሼ።

«ገበያ ቀን አይጠየቅ፣ አባባ። የኔ ዳቦ ይሄ እሾህ ነው።»

ጥቅምት 13፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ቆቦ

ደሴን በጠዋት አልፈን ሐይቅ ቁርስ ደረስን። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ፣ ሎሚና ዳጣ፣ 70 ብር። ቆሮሶ ራሱ እዚህ መጤ ነው። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ሰው አምጥቶ ሐይቁ ውስጥ ጨመረው፤ ዛሬ የስንት ቤተሰብ እንጀራ ነው። ይህን የማነሣው ከውጭ የመጣ ሁሉ ጠላት ነው ብዬ እንደማላምን እንዲታወቅልኝ ነው። ባሕር ዛፉም፣ በርበሬውም፣ በቆሎውም ከውጭ ነው የመጡት። ጥያቄው የመጣውን ነገር ማን መረጠው፣ ከመጣስ በኋላ መቆጣጠር ይቻላል ወይ ነው።

ዳርቻው ላይ ሁለት ፒክአፕና አንድ ባጃጅ ጎማቸው ውኃ ውስጥ ገብቶ ይታጠባሉ። ይህ አንጀቴን አሳረረው። ጣና ላይ እምቦጭ መታየቱ የተመዘገበው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ሰው በእጁ ሲነቅል እንደከረመ ሁላችንም አይተናል። ሐይቅ ከእንዲህ ያለ ጣጣ ይጠበቅ ከተባለ ከሌላ ውኃ የመጣ መኪና፣ ጀልባና መረብ ዳር ላይ ባይታጠብ ምን አለበት?

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ውብ ነው። የአምባሰል ገደል በግራ ቆሞ ይከተላችኋል። ውጫሌ ማኪያቶ በ10 ብር፣ መርሳ ብርቱካን። ወልድያን አልፈን ከሰዓት በኋላ ቆቦ ገባን።

ቆቦ ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ማሽላው ሰው ያሳጣል። የጓደኛችን የሩቅ ዘመድ የሆኑ ገበሬ ቤት ሄድን። ሚስታቸው ቡና አፈሉ፣ እሳቸው ማሳቸውን አሳዩን። ማሽላው መሀል ቅንጬው ቆሟል። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፣ አበባው ነጭና ትንሽ። ሊነቅሉት ሲያጎነብሱ ክርናቸው ድረስ ጨርቅ ጠመጠሙ። በባዶ እጅ የነካው ሰው ቆዳው ይቆጣል፣ ያሳክከዋል። አንዳንዱን ትንፋሽ ያሳጥረዋል።

«ላሟ ከበላችው ወተቱ ይመራል» አሉ። «እናቴ በሕይወት ሳለች ይህን አረም አታውቀውም ነበር። ከድርቁ በኋላ ነው የመጣው።»

የሚሉት ከተጻፈው ጋር ይገጥማል። ቅንጬ የላቲን አሜሪካ ተክል ነው። እኛ ዘንድ መኖሩ የተዘገበው በ1980 ዓ.ም. ገደማ፣ በድሬዳዋና እዚሁ ቆቦ አካባቢ ነው። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ከእርዳታ እህል ጋር ዘሩ እንደገባ ይታመናል። እህሉ ይታደልባቸው በነበሩ ቦታዎች ዙሪያ ነውና መጀመሪያ የታየው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ በጦር ተሽከርካሪዎች ጎማ ገባ የሚሉ አሉ። አንዱ ተክል 15 ሺህና ከዚያ በላይ ዘር ይሰጣል። ሐረርጌ ውስጥ በማሽላ ላይ የተደረገ ጥናት፣ ማሳው ሳይታረም ከቀረ ከምርቱ ከ40 እስከ 97 በመቶ ሊጠፋ እንደሚችል አሳይቷል።

ገበሬው ከሁሉም የሚያናድዳቸው ሌላ ነው። እርሳቸው ሲያርሙ ይውላሉ። ማሳቸው ዳር ያለው የወል ግጦሽ ላይ ደግሞ አሸዋ ጫኝ መኪኖች አቋራጭ አውጥተዋል። አረሙ በአቋራጩ ላይ ያብባል፣ ዘሩ ተመልሶ ማሳቸው ይገባል።

«የኔን መሬት እኔ አርማለሁ። የመንግሥቱን ማን ያርመው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ቡናውን ሦስተኛ ጠጥተን፣ ምርቃታቸውን ተቀብለን ወልድያ አደርን።

ጥቅምት 14፣ ደሴ

ረቡዕ ነው፤ ጾም። ሽሮ ፈሰስ 40 ብር፣ ከደሴ ዳቦ ጋር።

ዛሬ ሥራችን መኪናዋን ማጠብ ብቻ ነበር። ነገ ወደ ደጋው ስለምንወጣ የቆላውን ጭቃ ይዘን እንዳንሄድ ለምኜ ነበር። ጓደኛችን ጨፋ ላይ ያየውን ዱካ አልረሳውም፤ ሳያንገራግር እሺ አለ። ላቫጆ ቤት ገባን። ልጆቹን በውኃ ሳትመቱ በፊት ደረቁን ጭቃ በስክሪውድራይቨር ፈልፍሉልኝ አልኳቸው። ገርሟቸው ፈለፈሉ። ከአራቱም ፓራፋንጎ ሥር፣ ከባሌስትራው መሀል፣ ከጎማው ጥርስና ከራዲያተሩ ፊት የወጣውን አሮጌ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ዘረገፍነው።

ተቀምጬ በእጄ ፈተትኩት። የማሽላ ገለባ፣ የሣር ቅንጣት፣ አንድ የተሰበረ የፕሮሶፒስ እሾህ። ከዚያ የምፈልገው ወጣ። ጥቁር፣ ከጤፍ ትንሽ የሚበልጥ፣ ከጫፉ ላይ ስስ ነጭ ገለፈት ያለው። የቅንጬ ዘር። አንድ አይደለም፤ ጣቴን ባሳረፍኩበት ሁሉ አለ። ከላቫጆው ልጆች ትልቁ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «እኛ ግቢ በቦዩ ዳር የሚበቅለው ይሄ ነው እንዴ?» አለኝ። ሄደን አየን። ነው። የሚታጠበው መኪና ሁሉ እዚያ ዘርቶ ሄዷል።

ስለዚህ መታጠብ ብቻውን በቂ አይደለም። ቦዩ ወደ ቦርከና ይወርዳል። ቦርከና በኮምቦልቻ አድርጎ ጨፋ ሜዳ ይገባል። ደሴ ያጠብነው ዘር ሣሩን ከታች ይጠብቀዋል ማለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሰው መኪናውን ራሱ ወንዙ ውስጥ አቁሞ ሲያጥብ አይቻለሁ። ጭቃው በደረቁ መነሣት፣ መሰብሰብ፣ መቃጠል አለበት። እኛ ጆንያውን ከነጭቃው ግቢው ጥግ ላይ በጭራሮ አቃጠልነው። ለእጥበቱ 100፣ ለልጆቹ ልፋት ሌላ 50 ብር ከፈልን።

ጥቅምት 15፣ ከደሴ መካነ ሰላም

ከደሴ ወጥተን ጉጉፍቱ ስንደርስ አየሩ ሌላ ሆነ። ገብሱ አረንጓዴ፣ በጎቹ ጠጉራም፣ ልጆቹ ጋቢ ለባሽ። በመስኮት ሳይ ቅንጬው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። አቀስታ በሻይ ተሟሟቅን። ከዚያ በኋላ አቧራ በዛ፤ አንድ ቦታ ድልድይ እየተጠገነ ሁለት ሰዓት ቆመን።

መካነ ሰላም የጋሼ የእህት ልጅ ቤት አረፍን። በሩ ላይ ስታያቸው ነጠላዋን ጥላ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። «አጎቴዋ! አጎቴዋ!» እያለች አለቀሰች። የገብስ እንጀራ በዶሮ ቀረበ። ሌላ አልጋ አታስቡ ብላ መደቡንም መኝታ ቤቷንም ለቀቀችልን።

ጥቅምት 16፣ ደንቆሮ ጫካ

ፓርኩ ሁለት መልክ አለው። ላዩ ጓሳ ሣር፣ ጅብራና አስታ ያለበት ውርጫማ ደጋ ነው። ታቹ ደንቆሮ ጫካ፣ ወደ ገደሉ የሚወርድ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ቀይ ቀበሮም ይኖሩበታል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ሁሉም ያሉት በእኛ ደጋዎች ላይ ነው።

የፓርኩ ጥበቃ መኪናዋን ከሣሩ በፊት አስቆመን። ከዚህ በእግር ነው አለ። ጋሼ ተቆጡ።

«እኔ በዚህ ሜዳ ከብት ጠብቄ ነው ያደግሁት። ዛሬ በገዛ አገሬ ቁም ልባል? በዚህ ጉልበት እንዴት ብዬ ልውጣ?»

ጥበቃው ወጣት ነው፤ ባርኔጣውን አወለቀ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡ እንጂ። የቀረው ጎማው ነው።» ከዚያ ጥቂት እርምጃ ወስዶ አሳየን። ክረምት ላይ አንድ ቡድን በመኪና ሽቅብ ወጥቶ ነበር። ጎማው ሣሩን ገልብጦታል። ዝናቡ በዱካው ወርዶ አፈሩን ጠርጎታል። ክንዴን ስከተው እስከ ክርኔ ገባ። ቀይ ቀበሮ የሚበላው አይጥ የሚኖረው በዚያ አፈር ውስጥ ነው። ጓሳው ቆርጠው ሲወስዱት ይመለሳል፣ ሥሩ ከተገለበጠ ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ጓደኛችን ጥያቄ አነሣ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። በዚህ ብርድ ቅንጬ ይበቅላል ወይ አለኝ። እዚህ ላይኛው ደጋ ላይ አይበቅልም። አገራችን ውስጥ ከ2500 ሜትር በላይ እምብዛም አይታይም። ጫካው ግን ወደ ታች ወደ ሞቃቱ ገደል ይወርዳል፤ ገበሬውም ከሥሩ ያርሳል። ከላይ የተራገፈ ዘር በጎርፍ ወርዶ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ላዩን ጎማው ይጎዳዋል፣ ታቹን ጎማው የተሸከመው።

ለጋሼ በቅሎ ተገኘች። ቀኑን ሙሉ ከነሳቢዋ 200 ብር። ከጓሳው በላይ ወጥተው፣ ልጅ ሳሉ ውኃ ይጠጡባት የነበረችውን ምንጭ ራሳቸው ፈልገው አገኙ። ጭላዳዎቹ ከእኛ ሠላሳ ሜትር ላይ ሣር ይነጫሉ። ቀይ ቀበሮ አላየንም። ጋሼ ከበቅሎዋ ሲወርዱ ጥበቃውን ግንባሩን ስመው መረቁት።

ጥቅምት 17፣ መልስ

አዲስ አበባ እስክንደርስ መኪና ውስጥ የተከራከርነው አንድ ነገር ነው። ጓደኛችን አሁንም ከመንገድ ውጭ መንዳት ይወዳል። ቦታ ከልክሎ ብቻ አይሆንም፣ የሚነዳበት ሜዳ ይለይለት ይላል። እኔም እስማማለሁ። የተራቆተ የድንጋይ መሬት፣ ያረጀ የካባ መንገድ ሞልቷል። የወል ግጦሽ፣ የሐይቅ ዳርና የፓርክ ሣር ግን ለጎማ አይሁን። ለአቅመ ደካማ በቅሎ አለ፤ ለባለበቅሎውም ገቢ ነው።

ሌላው ሐሳቤ ስለ እጥበቱ ነው። አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ውስጥ ይኸው ቅንጬ አለ፤ መኪናና ማሽን አረሙ ካለበት ቦታ ሲወጣ የሚታጠብበት ጣቢያ ተሠርቷል። የእኛ እንደዚያ ያለ ወጪ አይጠይቅም። መካነ ሰላም መግቢያ ላይ ውኃው ወደ ወንዝ የማይወርድ አንድ ጉድጓድ፣ ጠንካራ ብሩሽ፣ ጭቃ ማቃጠያ ቦታ፣ ሥራ የሚፈልጉ አራት አምስት ወጣቶች። ወደ ፓርኩ የሚሄድ መኪና 100 ብር ከፍሎ ታጥቦ ይለፍ። ይህንኑ ጽፌ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ልኬያለሁ፣ ለጥበቃውም አንድ ቅጂ በጋሼ የእህት ልጅ በኩል ሰጥቻለሁ።

እስከዚያው በበጋ ወደዚያ የምትወጡ ካላችሁ፣ ደሴ ላይ ግማሽ ቀን መድቡ። ጭቃውን በደረቁ አስፈልፍሉ፣ አቃጥሉት። ሁለት ስኮርታ ያዙ፣ የባቲ እሾህ አንድ ጎማ አይበቃውም። ከባለበቅሎዎቹ ጋር ከማታው ተነጋገሩ፤ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ ገበያ ይሄዳሉ፣ አታገኟቸውም።